ያውቁ ኖሯል? ሳይቆረጥ የተሣለው ራስ

በናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር፣ ጄምስ ጊቹሩ መንገድ ላይ ሰርክል አርት ጋለሪ አለ። የምሥራቅ አፍሪካን ሥነ ጥበብ የሚወድ ሰው እግሩ ሳይረግጠው አያልፍም። የዛሬው ዐምድ ከዚያች ከተማ ይነሳና ካሜራና ኮምፒውተር የሕልም መልክ እስከሚሠሩበት ድረስ ይጓዛል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

• ናይሮቢያዊው ፎቶ አንሺ ኦስቦርን ማቻሪያ የተማረው ሥነ ሕንፃ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት ተረት ይፈጥራል። «ኛኜ» በተባለው ሥራው ያሉት ሴት አያቶች፣ በእሱ ተረት በ1970ዎቹ መሥሪያ ቤት ይመሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው በድሎት የሚኖሩ ናቸው። በ2018 «ብላክ ፓንተር» ፊልም ሲወጣ ደግሞ የማየት ኃይል የሌላቸውን ሦስት ሽማግሌዎች በፊልሙ ያለችው ምናባዊ አገር የዋካንዳ አማካሪዎች አድርጎ አቅርቧል።

• ሴኔጋላዊው ኦማር ቪክቶር ዲዮፕ በ2014 በጀመረው «ፕሮጀክት ዲያስፖራ» ራሱን እያለበሰ ራሱን ያነሳል። ከአገራቸው ርቀው በጥንታዊ ሥዕል የቀሩ አፍሪካውያንን ይመስልና በእጁ የእግር ኳስ ዕቃ ይይዛል፤ ኳስ፣ የበረኛ ጓንት፣ ቀይ ካርድ። ከመሰላቸው አንዱ የእኛው ማሊክ አምባር ነው።

• ማሊክ አምባርን ካነሳን ትንሽ እንቆይ። ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ ህንድ የገባው ይህ ሰው በአህመድናጋር የጦር አዛዥና እንደራሴ ሆኖ የሙጋልን ጦር ለዓመታት አላስቀምጥ ብሎ ነበር። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ያጣውን በቀለም ተመኘ። ሠዓሊው አቡል ሐሰን በ1616 ገደማ በሣለው ሥዕል ጃሃንጊር በምድር ሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ጫፍ የተሰካውን የማሊክ አምባርን ራስ በቀስት ይወጋል። ሉሉ በበሬ ላይ፣ በሬው በዓሣ ላይ ነው። ፎቶሾፕ ሊወለድ 370 ዓመት ያህል ሲቀረው የተሠራ ፈጠራ ነው! ማሊክ አምባር ግን በ1626፣ በእርጅናው፣ ራሱ በትከሻው ላይ እንዳለ አረፈ። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን፣ ቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ዲዮፕ የዚህን ሰው ፊት በክብር መመለሱ፣ ለእኔ፣ ከዚህ ዓይነቱ ጥበብ ሁሉ ልብ የሚነካው ነው።

• ፎቶ መገጣጠም የኮምፒውተር ፈጠራ አይደለም። ፎቶ አንሺው ኦስካር ሬይላንደር በ1857 ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን ገጣጥሞ «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለ አንድ ፎቶ ሠራ። አቀማመጡን የወሰደው ከራፋኤል «የአቴንስ ትምህርት ቤት» ነው። አንዱን ቅጂ ንግሥት ቪክቶሪያ ገዝታዋለች።

• ፎቶሾፕ ለገበያ የወጣው በ1990 ነው። ምስልን በምስል ላይ መደራረብ የሚያስችለው «ሌየር» የመጣው ግን በ1994 ነው።

• በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። መልክን እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ ትርጉሙን ማሳየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

• አዲስ አበባ የተወለደችው ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ በ2018 «ውሃ ሕይወት»ን ለመሥራት ሞዴሎቿን ይዛ ዳሎል ድረስ ወርዳለች። ሕልም የመሰለው ቀለም አብዛኛው በሞዴሎቹ ፊትና ገላ ላይ በእጅ የተቀባ ነው። የ«አዲስ ፎቶ ፌስት» መሥራችም እሷ ናት።

• ግርማ በርታ ደግሞ በአይፎን የአዲስ አበባን መንገደኛ፣ ሊስትሮና ተሸካሚ ያነሳል። ከዚያ አስፋልቱን፣ ግንቡን፣ መኪናውን ሁሉ ቆርጦ ይጥልና ሰውየውን በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆመዋል። በዚህ ሥራው በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ሽልማት ደርሶታል። ሲቆርጥ የማይነካው አንድ ነገር አለ፦ የሰውየውን ጥላ።