በከተማ ዳርቻ ዐዲስ ሰፈር ሱቅ ስለ መክፈት

በአዲስ አበባ ከተማ ለብዙ ዘመን ሰፈር የሚመሠረተው ገበያን ወይም ግቢን ተከትሎ ነበር። ከተማዋ በተቈረቈረችበት ጊዜ ሕዝቡ በቤተ መንግሥቱ፣ በመኳንንቱ ግቢና በአራዳ ገበያ ዙሪያ ሰፈረ፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜም ነጋዴው ወደ መርካቶ አዘነበለ። ባለሱቁ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ደንበኛው ይመጣለታል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግን ነገሩ ተገላብጧል። በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አስቀድሞ ቤቱ ተሠራ፤ ቀጥሎ ሰው ገባ፤ ገበያው ከሁሉ በኋላ ደረሰ። በዚህ መዘግየት ጥሩ ትርፍ ያገኘ ነጋዴ አለ፤ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ባንድ ሱቅ አፍስሶ የተጎዳም አለ። ልዩነቱ ከዕድል ይልቅ ሰፈሩን አስቀድሞ ከማወቅ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ የቤቶቹን አሰጣጥ ማስታወስ ይጠቅማል። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉት መርሐ ግብሮች ስማቸውን ያገኙት ከአከፋፈሉ ነው፤ ይኸውም የፊተኛው ቍጥር ገዢው ከመቶ የሚቈጥበው፣ የኋለኛው ደግሞ ባንክ የሚያበድረው ነው። በ2005 ዓ.ም በተደረገው ምዝገባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተመዝግቦ ሲቈጥብ ቈይቷል። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ስለ ሆነ ባለዕድሉ ሰፈሩንም ጎረቤቱንም አይመርጥም። ሥራው በጉለሌ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት በስድስት ኪሎ የሆነ ሰው፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ በሚነሣበት በቱሉ ዲምቱ ቤት ይደርሰዋል። በ20/80 ያገኘውን ቤት እስከ 5 ዓመት ድረስ እንዳይሸጥ የተከለከለ በመሆኑም፣ ወይ ይገባበታል፣ ወይ ያከራየዋል፣ ወይም ማጠናቀቂያ ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ቈልፎት ይቀመጣል። ለባለሱቅ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ሦስተኛው ነው።

በየሕንፃው ምድር ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች ለሽያጭ የሚቀርቡት በጨረታ ነው፤ ዋጋውም በካሬ ሜትር ይሰጣል። ብዙ ተጫራች ዋጋውን ከመጻፉ በፊት ሕንፃዎቹን ይቈጥራል፤ በየሕንፃው ባለው ቤት ያባዛል፤ በየቤቱ አምስት ሰው ብሎ ደግሞ ያባዛል፤ በተገኘው ድምር ተደስቶ ከፍ ያለ ዋጋ ያቀርባል። በማባዛቱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር ሳሙና አይገዛም። ከዚህ የሚሻለው ዘዴ ጥቂት ድካም እንጂ ወጪ የለበትም። በሥራ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ ሰፈሩ ሄዶ መብራት የበራባቸውን መስኮቶች መቍጠር፣ ከሦስት ወር በኋላም በዚያው ሰዓት ተመልሶ ጭማሪውን ማስተያየት ነው። (መብራት በጠፋበት ማታ የሄደ ሰው ግን ሌላ ቀን መመለስ አለበት።) መስኮቶቹ ገና ጥቂት ከሆኑ፣ ሱቁን ከመግዛት ይልቅ ለአንድ ዓመት ተከራይቶ መሞከር ይሻላል፤ ኪራዩ ቢበዛ እንኳ የሚጠፋው የአንድ ዓመት ገንዘብ ነውና።

ሰፈሩ ሲጀመር የሚፈለገው ዕቃ ሰፈሩ ከደረጀ በኋላ ከሚፈለገው የተለየ ነው። የቤቱ የውስጥ ሥራ ብዙውን ጊዜ ለባለቤቱ የሚተው ስለ ሆነ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸጠው ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የውሃ ቧንቧና የብረት በር ነው። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ በዚህ ጊዜ ከማንም ይልቅ ይጠቀማል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የተነጠፈ ወለል ለብዙ ዓመት ሁለተኛ አይነጠፍም፤ ገበያው በደራበት ወር መጋዘኑን በሴራሚክ የሞላ ሰው፣ ነዋሪው ገብቶ ሲያበቃ ገንዘቡ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ገና ያልተጠናቀቁት ቤቶች ስንት እንደ ቀሩ ማየት ይኖርበታል። ከዚያ ቀጥሎ የውሃ ዕቃ ይመጣል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት፣ ግፊቱም አራተኛ ፎቅ በማይወጣበት ሰፈር፣ ጀሪካንና በርሜል ከስኳር እኩል ይሸጣሉ። ወፍጮ ቤት ግን ከሚጠበቀው በላይ ይዘገያል፤ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ ይፈልጋልና። እስከዚያ ድረስ የተፈጨ ጤፍ የሚያቀርብ፣ ይልቁንም የተጋገረ እንጀራ በየማለዳው ከሚያመጡ ሴቶች ጋር የተዋዋለ ባለሱቅ ደንበኛ አያጣም።

እንጀራ በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚገዛበት ምክንያት የነዋሪው ጊዜ ማለቁ ነው። ነዋሪው ሳይነጋ ወጥቶ ሰልፍ ይይዛል፤ አንዳንዱ የታክሲ ሾፌር መንገዱን ቈርጦ ስለሚጭን ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ሲመሽ ደክሞ ይመለሳል። ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም ሥራ በጀመረ ጊዜ ለምሥራቁ ዳርቻ ተስፋ ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን መስመሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከ41ዱ ባቡሮችም ብዙዎቹ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። እንግዲህ ከጧቱ 3 ሰዓት ከፍቶ 12 ሰዓት ሲሆን የሚዘጋ ባለሱቅ ከዋናው ደንበኛው ጋር ሳይተያይ ይኖራል። የሚሸጥበት ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ ከምሽቱም 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። ከመንገዱም ግራና ቀኝ፣ ማታ ከከተማ የሚመጣው ሰው የሚወርድበት ወገን ይመረጣል፤ የጉልት ቸርቻሪዎች ሽንኩርትና ቲማቲማቸውን የሚዘረጉት በዚያ በኩል መሆኑን ያየ ሰው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

ዕቃ ሲመረጥም ይህ ሰው በየቀኑ መሐል ከተማ እንደሚውል መዘንጋት አይገባም። ጫማና ልብስ ከመርካቶ አማርጦ ይገዛል፤ ቀላል ነውና በፌስታል ይዞት ይመጣል። አምስት ሊትር ዘይት፣ ዱቄትና የልብስ ሳሙና ግን በተጨናነቀ ታክሲ መሸከም አይወድም። በዳርቻ ሰፈር የሚያዋጣው ከዋጋው ይልቅ ክብደቱ የሚበልጥ ዕቃ ነው። ስለ ዋጋውም፣ በመርካቶ 100 ብር የሆነ ዕቃ በሰፈሩ 106 ብር ቢሸጥ ነዋሪው ከሸክሙ ጋር አመዛዝኖ ይገዛዋል እንበል፤ 120 ብር ቢሆን ግን ደመወዝ በተቀበለ ማግስት የወር አስቤዛውን ከመርካቶ አስጭኖ ይመጣል፤ ለባለሱቁ የሚቀርለት ክብሪትና ጨው ነው።

ዱቤን በሚመለከት ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በድሮው ሰፈር ባለሱቅ ተበዳሪውን ከነአባቱ ያውቀዋል፤ ዕድሩም አንድ ነው። በዕጣ በተሰበሰበ ሰፈር ግን ጎረቤት ለጎረቤት እንግዳ ነው፤ ከነዋሪውም ብዙው ተከራይ ስለ ሆነ ያለ ስንብት ሊሄድ ይችላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ መደንገጉ ይህን ሥጋት በመጠኑ ይቀንሰዋል። ዳሩ ግን ዱቤ ጨርሶ የሚከለክል ባለሱቅም፣ ከወሩ 20ኛ ቀን በኋላ ሱቁ ባዶ ይሆንበታል። አንዳንድ አስተዋዮች የሚያደርጉት በመጀመሪያዎቹ ወራት በእጅ በእጅ ብቻ መሸጥ፣ በሰፈሩ ዕድር ሲቋቋም አባል ሆኖ መግባትና ከዚያ በኋላ ለሚያውቁት ሰው በልክ መስጠት ነው። ዕድሩ ለቀብር የተቋቋመ ቢሆንም ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚያጓትት በየወሩ መዋጮ ላይ ይታያል።

የጅምላ አከፋፋዮችም ከዚህ የራሳቸውን ድርሻ ሊወስዱ ይችላሉ። የዳርቻ ባለሱቅ አንድ ካርቶን ለማምጣት ሱቁን ዘግቶ ግማሽ ቀን በመርካቶ ያጠፋል፤ በሳምንት ሁለት ቀን በተወሰነ ሰዓት አይሱዙ ጭኖ የሚመጣለት አከፋፋይ ቢያገኝ በካርቶን ጥቂት ብር መጨመርን አይጠላም። መኪናው መድረስ የሚገባው ባለሱቁ ሥራ በሚፈታበት በእኩለ ቀን ነው። የውስጥ መንገዳቸው ገና ድንጋይ ባልለበሰ ሰፈሮች ደግሞ ከባድ መኪና በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ስለሚይዘው፣ የክረምቱን ዘይት፣ ዱቄትና ሳሙና በሰኔ መጀመሪያ ማስገባት ያስፈልጋል።