ለረጅም ርቀት የሚሆን ጥይት እንዴት ይመረጣል?

አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለሩቅ የሚሻለው የትኛው ጥይት ነው?» የሚል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስም ቀላል ነው፤ አፈሙዙ ሰፊ፣ ባሩዱ ብዙ፣ አረሩ ከባድ የሆነው ይሻላል ይባላል። ይህ መልስ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ብዙ አያሳስትም። በ500 ሜትር ግን ያሳስታል፤ በ1,000 ሜትር ደግሞ ፈጽሞ አይሠራም። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከፊዚክስ አንጻር እንመረምራለን። ለማነጻጸሪያም ሁለት የታወቁ ጥይቶችን ይዘን እስከ መጨረሻው እንጓዛለን።

ስለ ስያሜ ጥቂት

በተለምዶ «ጥይት» የምንለው አራት ነገሮችን ያጣመረ ነው፤ ከናስ የሚሠራው ቀለህ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መለኮሻ፣ እና ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው አረር። በረጅም ርቀት ጉዳይ ወሳኙ አረሩ ነው። ቀለህና ባሩድ ሥራቸውን የሚጨርሱት አረሩ አፈሙዙን ለቅቆ በወጣበት ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የአረሩና የአየሩ ብቻ ነው።

የጥይት ስሞች አንድ ወጥ ሥርዓት የላቸውም። .308 ዊንቸስተር በ1952 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ሲሆን ቁጥሩ የአረሩን ውፍረት በኢንች ይገልጻል፤ 7.82 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። .30-06 በሚለው ስም ውስጥ ያለው «06» ግን ውፍረት ሳይሆን የ1906 እ.ኤ.አ. ምልክት ነው። 6.5 ክሪድሙር በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥይት ሲሆን የአረሩ ትክክለኛ ውፍረት 6.71 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙን ያገኘው በኒው ዮርክ አቅራቢያ በ1873 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው የክሪድሙር የተኩስ ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ በ1874 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የአየርላንድ ቡድኖች ባደረጉት ውድድር አሜሪካኖቹ አሸንፈዋል፤ የረጅም ርቀት ዒላማ ተኩስ በአሜሪካ የሕዝብ ፍቅር ያተረፈውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ማነጻጸሪያዎቻችን እነዚህ ይሁኑ። የመጀመሪያው .308 ሲሆን 10.9 ግራም የሚመዝነውን የተለመደ የዒላማ አረር በሴኮንድ 808 ሜትር ፍጥነት ይተኩሳል። ሁለተኛው 6.5 ክሪድሙር ሲሆን 9.1 ግራም የሚመዝነውን ቀጭንና ረጅም አረር በሴኮንድ 826 ሜትር ፍጥነት ይተኩሳል። ከዚህ በታች የተሰጡት አኃዞች በባሕር ወለል ከፍታና በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት የተሰሉ፣ በግምት የተጠጋጉ ናቸው።

ስበት የሚታወቅ ነው፤ አየር ግን ባላጋራ ነው

ጋሊልዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው የተወረወረ አካል ፓራቦላ እየሠራ እንደሚወድቅ አስረድቷል። አየር ባይኖር ኖሮ የእኛ ሥራ እዚያው ባበቃ ነበር። ሁለቱም አረሮች፣ ከባድም ሆኑ ቀላል፣ በአንድ ዓይነት ሽምጠጣ ወደ መሬት ይወድቃሉ፤ 6.5ቱ በ500 ሜትር ላይ ከአፈሙዙ መስመር 1.8 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። በእውነተኛው አየር ውስጥ ግን 2.2 ሜትር ይወድቃል። .308ቱ ደግሞ 2.6 ሜትር ይወድቃል።

አየር ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ ያሳየው እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ ነው። በ1742 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አረርን በተንጠለጠለ ከባድ ፔንዱለም ላይ በመተኮስና የፔንዱለሙን ውዝዋዜ በመለካት፣ የአረሩን ፍጥነት በተለያየ ርቀት አሰላ። ውጤቱ የዘመኑን ሊቃውንት ያስደነቀ ነበር፤ ቀላልና ስስ የሚመስለው አየር ፈጣኑን አረር በከፍተኛ ጉልበት ይገታዋል። በእኛው ምሳሌ ብንወስደው፣ 6.5ቱ አረር ከአፈሙዙ እንደወጣ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ የራሱን ክብደት 40 እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ በረጅም ርቀት ተኩስ ዋናው ተቃራኒ ስበት አይደለም። ስበት ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ርቀቱን የሚያውቅ ተኳሽ መነጽሩን አስተካክሎ ያርመዋል። የሚያስቸግረው አየር ነው።

ባሊስቲክ ኮኢፊሸንት

አረር የአየርን ተቃውሞ የመቋቋም ችሎታው ባሊስቲክ ኮኢፊሸንት በሚባል ቁጥር ይለካል። ቁጥሩ የሚገኘው የአረሩን መጠነ ቁስ ለውፍረቱ ስኩዌርና ለቅርጹ መለኪያ በማካፈል ነው። ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ውፍረት በስኩዌር ስለሚገባ፣ ክብደት ሳይጨምሩ አረርን ማወፈር ትልቅ ኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ ሾጣጣ አፍንጫና ወደ ኋላ የሚጠብ ጅራት ያለው ረጅም አረር ከደንዳናው በእጅጉ ይሻላል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ክብደት ተሸክመው በጠባብ በር ሲያልፉ፣ ሸክሙን በርዝመቱ የያዘው በቀላሉ እንደሚያልፍ ማለት ነው።

የዚህን ውጤት በቁጥር እንመልከት። አፈሙዝ ላይ ሲለካ .308ቱ 3,550 ጁል፣ 6.5ቱ 3,090 ጁል ያህል የእንቅስቃሴ ኢነርጂ አላቸው። በሱቅ ቆሞ የሚመርጥ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። በ500 ሜትር ላይ ግን የ.308ቱ ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 498 ሜትር፣ የ6.5ቱ ወደ 607 ሜትር ይወርዳል። ኢነርጂያቸውም 1,350 እና 1,670 ጁል ይሆናል። በአፈሙዙ ላይ ደካማ የነበረው በመንገድ ላይ ብርቱ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በእርግጥ .308ም የተሻለ ቅርጽ ያለው አረር ቢጎርስ ልዩነቱ ይጠባል፤ ይህም የሚያረጋግጠው ከጥይቱ ስም ይልቅ የአረሩ ቅርጽ ወሳኝ መሆኑን ነው።

ነፋስ

ነፋስ አረርን የሚያንሸራትተው ከጎን «በመግፋት» ብቻ ይመስለናል። ትክክለኛው ስሌት ግን ቀለል ያለና የሚያስገርም ነው። የመንሸራተቱ መጠን የሚገኘው፣ አረሩ በአየር ውስጥ ለመድረስ ከፈጀበት ጊዜ ላይ አየር በሌለበት ይፈጅበት የነበረውን ጊዜ ቀንሶ፣ ልዩነቱን በነፋሱ ፍጥነት በማባዛት ነው። ማለትም ነፋስ የሚቀጣው በአየር ምክንያት የዘገየውን ያህል ብቻ ነው።

6.5ቱ 500 ሜትርን ያለ አየር በ0.61 ሴኮንድ፣ በአየር ውስጥ በ0.71 ሴኮንድ ይጨርሳል። ልዩነቱ 0.10 ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 4 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ስለዚህ 40 ሴንቲ ሜትር ያንሸራትተዋል። የ.308ቱ ልዩነት 0.17 ሴኮንድ ያህል ስለሆነ ከ65 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይንሸራተታል። ርቀቱን በመሣሪያ መለካት ይቻላል፤ ነፋስ ግን በተኳሹና በዒላማው መካከል በየቦታው ይለያያል፤ ሸለቆ ላይ ሌላ፣ ጋራ ጥግ ሌላ ነው። በዚህ ምክንያት ለነፋስ የማይበገር አረር መምረጥ የተኳሹን የግምት ስሕተት መቀነስ ነው።

የድምፅ ፍጥነት ድንበር

አረር ፍጥነቱ እየቀነሰ ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ሲቃረብ፣ በላዩ ላይ ያለው የአየር ማዕበል ስለሚለዋወጥ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አንዳንዱ አረር ይህን ድንበር በሰላም ያልፋል፤ አንዳንዱ መስመሩን ይስታል። ምሳሌያችን የሆነው .308 ድንበሩ ላይ የሚደርሰው ከ800 ሜትር ብዙም ሳያልፍ ነው። 6.5ቱ ግን ከ1,200 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፓልማ በተባለው ውድድር የሚተኮሰው በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ ሲሆን የመጨረሻው 914 ሜትር ነው። በ.308 የሚወዳደሩት ተኳሾች ቀለል ያለ አረርን ከረጅም አፈሙዝ በከፍተኛ ፍጥነት መተኮስን የመረጡት አረሩ ከድምፅ ፍጥነት ሳይወርድ ዒላማው ላይ እንዲደርስ ነው።

አረሩ ቀጥ ብሎ እንዲጓዝ መሽከርከር አለበት። በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹት ጥምዝምዝ ቦዮች ይህን ይሠራሉ። ረጅም አረር ለመረጋጋት የበለጠ መሽከርከር ያስፈልገዋል። የ6.5 ክሪድሙር ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ በየ203 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር ያዞረዋል፤ አረሩም በሴኮንድ ከ4,000 ጊዜ በላይ እየተሽከረከረ ይወጣል። ስለዚህ ረጅም አረር ገዝቶ ቦዩ በዝግታ በሚጠማዘዝ አሮጌ ጠመንጃ መተኮስ ከንቱ ድካም ነው።

ለዒላማ ተኩስ

ወረቀት ለመብሳት ብዙ ኢነርጂ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ወጥነት ነው። የአረሮቹ የመነሻ ፍጥነት በሴኮንድ በ10 ሜትር ቢለያይ፣ በ500 ሜትር ላይ የ5 ሴንቲ ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ብቻ ያመጣል፤ በ1,000 ሜትር ላይ ግን ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ የዒላማ ተኳሽ ፈጣኑን ሳይሆን አንዱ ከአንዱ የማይለየውን ጥይት ይፈልጋል።

ርግጫም መታሰብ አለበት። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም ብዙ ባሩድ ስለሚያቃጥል በተመሳሳይ ክብደት ባለው ጠመንጃ ሲተኮስ፣ በሰደፉ በኩል ወደ ትከሻ የሚመለሰው ኢነርጂ ከ6.5ቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በቀን 60 ወይም 70 ጊዜ የሚተኩስ ሰው ሰውነቱ ሳያውቀው ርግጫውን እየፈራ ቃታውን በድንጋጤ መሳብ ይጀምራል። የባሩዱ ብዛትና ሙቀትም አፈሙዙን ቶሎ ያስረጀዋል።

ለአደን

በአደን ግን ሌላ ኃላፊነት አለ። የዒላማ ተኳሽ ቢስት ነጥብ ያጣል፤ አዳኝ ቢስት ግን እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል፤ ምናልባትም ለቀናት ሲሠቃይ ቆይቶ ይሞታል። ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ይነሣሉ።

የመጀመሪያው የአረሩ አሠራር ነው። የአደን አረር ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደ እንጉዳይ እንዲከፈት ሆኖ ይሠራል። ለመከፈት ግን በቂ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ እንደ አሠራሩ በሴኮንድ ከ490 እስከ 610 ሜትር። ከዚህ በታች ሲወርድ ሳይከፈት ጠባብ ቀዳዳ አብጅቶ ሊያልፍ ይችላል። ስለሆነም የጥይቱ የአደን ርቀት የሚያበቃው አረሩ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሳይሆን የመከፈቻ ፍጥነቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። የእንስሳው ዓይነትም ይወስናል። በስካንዲኔቪያ አገሮች ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታወቀው 6.5×55 ጥይት ትልቁ የሰሜን አጋዘን ሲታደን ኖሯል። ለጎሽና ለመሳሰሉት አደገኛ እንስሳት ግን በቅርብ ርቀት ጥልቅ የሚገባ ከባድ አረር ያስፈልጋል፤ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣው .375 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም እንደ ዝቅተኛ መጠን የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የመምታት ዕድል ነው። የአንድ ትልቅ አጋዘን የልብና የሳንባ ክልል ስፋቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ መሐሉን ያለመ ተኳሽ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያለው የስሕተት ፈቃድ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ500 ሜትር ላይ የነፋሱን ፍጥነት በሴኮንድ በ2 ሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ 6.5ቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ .308ቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይስታል። በሁለቱም እንስሳው ይቆስላል። ማግነም ጥይት መግዛት ይህን ችግር ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም። ምርጡ ጥይትም ቢሆን ያልተነበበ ነፋስን አያነብም።

ከፍታና የአየር ስስነት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ በምትገኝበት ከፍታ የአየር እፍግታ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በ3,000 ሜትር በአንድ አራተኛ፣ በባሌ ሳነቴ አምባ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። የአየር ተቃውሞም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ይህ ለአገራችን የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና የመጥፋት አደጋ የተደቀነበት የደጋ አጋዘን መኖሪያው የባሌና የአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች ናቸው፤ በፈቃድ ለማደን የሚመጡት ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከዝቅተኛ አገር ይነሣሉ። በባሕር ወለል ለ500 ሜትር የተስተካከለ 6.5 ጠመንጃ በ3,000 ሜትር ከፍታ ሲተኮስ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይመታል። .308ቱ ደግሞ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል። ሁለተኛው ስሕተት ብቻውን አረሩን ከልብና ከሳንባ ክልል አውጥቶ በወገብ በኩል ያሳልፈዋል። ቁጥሩ ላነሰ እንስሳ አንድ የቆሰለ ወንድ ትልቅ ጉዳት ነው። ስለዚህ ጠመንጃን በሚታደንበት ከፍታ ላይ ዳግመኛ ማስተካከል ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ምርጫው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያ ዓላማውን መለየት፤ ዒላማ ነው ወይስ አደን፣ እንስሳውስ የቱ ነው? ቀጥሎ ለዓላማው የሚስማማውንና ባሊስቲክ ኮኢፊሸንቱ ከፍ ያለውን አረር መምረጥ፤ ከዚያ አረሩን ለማረጋጋት የሚበቃ ጥምዝ ያለውን አፈሙዝ መፈለግ። በመጨረሻም ይህን አረር በበቂ ፍጥነት ከሚተኩሱት ቀለሆች መካከል ርግጫው ትከሻን የማይፈታተነውን መውሰድ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሰንሰለት ከጫፉ ጀምሮ፣ ከትልቁ ቀለህ ተነሥቶ ስለሚመርጥ ይሳሳታል።

በአገራችን ጠመንጃ መያዝም ሆነ መጠቀም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው፤ አደንም ያለ ፈቃድ አይፈጸምም። ከሕጉ ባሻገር ግን ፊዚክስ ራሱ ያሰመረው ድንበር አለ። የጥይት ሠንጠረዥ አረሩ የት እንደሚደርስ ይነግረናል፤ ከዚያ ውስጥ በእርግጠኝነት የምንመታው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረን ግን በዒላማ ሜዳ ላይ በነፋስ ቀን የተበሳው የራሳችን ወረቀት ነው። አዳኝ በሕይወት ያለ እንስሳ ላይ ከዚያ ርቀት አልፎ ሊተኩስ አይገባውም።