ውሃ ልጓሙ የሆነ አሲድ

አንባቢ ሆይ፤ በትምህርት ቤትህ ላቦራቶሪ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚባለውን ጨው ሳታየው አልቀረህም። በጠርሙሱ ውስጥ ጥቁር መስሎ ይታያል፤ ጥቂት ፍሬ ውሃ ላይ ጣል ቢያደርጉበት ግን ውሃው ወዲያው ወይን ጠጅ ይሆናል። የዚህ ጨው አባት ፐርማንጋኒክ አሲድ ይባላል። ልጁ በየመደርደሪያው ሲገኝ፣ አባቱን ለብቻው በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ለምን ይመስልሃል?

አሲዱ የተሠራው ከአንድ የሃይድሮጂን፣ ከአንድ የማንጋኒዝና ከአራት የኦክሲጅን አቶሞች ነው። ውሃ ውስጥ ሃይድሮጂኑን ሳይሰስት ስለሚለቅ ከብርቱዎቹ አሲዶች ወገን ይቈጠራል። ማንጋኒዙ ደግሞ በኬሚስትሪ ሒሳብ 7 ኤሌክትሮኖቹን ለኦክሲጅን የሰጠ ስለሆነ፣ ያጣውን ለመመለስ ካገኘው ሁሉ ይነጥቃል። አሲድ ባለበት ውሃ 5 ኤሌክትሮን ሲያገኝ ወይን ጠጅ ቀለሙ ይጠፋል። በብረት ጨው ላይ ጠብ ጠብ ስናደርገው የሥራውን ፍጻሜ የሚነግረን ይኸው ቀለም ነው፤ የሚነጠቀው ብረት ሲያልቅ አንዲት ትርፍ ጠብታ ውሃውን ሮዝ ታደርገዋለች።

ጀርመናዊው ሊቅ ሚቸርሊክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ይህን አሲድ መርምሮ አስረዳ። አሠራሩ ቀላል ነው። በውሃ በሟሟ ባሪየም ፐርማንጋኔት ላይ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመር ነጭ ባሪየም ሰልፌት ይዘቅጣል፤ ተጣርቶ የሚቀረው ወይን ጠጅ ፈሳሽ አሲዱ ነው። ነገር ግን ውሃውን በእሳት አትንኖ አሲዱን ለብቻው ማስቀረት አይቻልም፤ ሲሞቅ ኦክሲጅን እየለቀቀ ቡናማ ዝቃጭ ይሆናል። ፍሪጄሪዮ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የክሪስታሉን አሠራርና ጠባይ በጽሑፍ ያወጣው በ1969 ነው፤ ከሚቸርሊክ ወዲህ ከ130 ዓመት በላይ አልፎ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ጨውን ባልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ብመታው አባቱን አላገኝምን?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ወዳጄ፣ አታድርገው! ያልቀጠነው አሲድ ውሃውን ነጥቆ ማንጋኒዝ ሄፕቶክሳይድ የሚባል ጥቁር አረንጓዴ ዘይት ያስቀራል። ይህ ዘይት ወረቀት ወይም አልኮል ሲነካ እሳት ያነሣል፤ ሲሞቅም ይፈነዳል። የጠፋ ዓይን ደግሞ በገንዘብ አይገዛም።

እንግዲህ ውሃ ለዚህ አሲድ ልጓሙ ነው። ልጓሙን ሳታወልቅ ብትይዘው ብዙ ያስተምርሃል።