መሬትም ጆሮ አላት፤ ሰሚው ግን ማነው?

አይቮሪ ፓርክ በጆሃንስበርግ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከቴምቢሳ ጋር ተጎራብቶ የሚገኝ የድሆች ሰፈር ነው። በደቡብ አፍሪካ ያሉ ወገኖቻችን እንዲህ ያለውን መንደር «ሎኬሽን» ይሉታል። በሎኬሽን ስፓዛ ከፍቶ ከዕቃው ጋር የሚያድር ኢትዮጵያዊ የሚተኛው በአንድ ጆሮው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ በየሎኬሽኑ የተዛመተው በውጭ ዜጎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት 62 ሰዎችን ከቀጠፈ ወዲህ፣ የሌሊት ኮቴ ተራ ድምፅ አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምናነሣው ይህንኑ ኮቴ ከመሬት በታች ሆኖ መስማት ስለሚችል የመስታወት ክር ነው። ኢንተርኔት የሚያመላልሰው ፋይበር ኦፕቲክ፣ ጫፉ ላይ ተገቢው መሣሪያ ከተገጠመለት፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ጆሮ ይሆናል። ባለሙያዎቹ መሣሪያውን «ኢንተሮጌተር» ይሉታል፤ መርማሪ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተዘጋውን ማዕከላዊን ለሚያስታውስ ሰው ስሙ ብቻ ብዙ ይናገራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መርማሪው ውስጥ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ሌዘር አለ። የኤሌክትሪክ ጅረት ሲገባበት ኤሌክትሮኖች ጉልበታቸውን ይጥላሉ፤ የጣሉት ጉልበት ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ብርሃኑ ዓይን አያየውም፤ የሞገድ ርዝመቱ ወደ 1550 ናኖሜትር ነው። ይህ የተመረጠው መስታወቱ ብዙ ስለማይውጠው ነው፦ 15 ኪሎ ሜትር ተጉዞም ግማሽ ያህሉ ይተርፋል።

ቀጥሎ ሞዱሌተር የሚባል ክፍል በኤሌክትሪክ ምልክት እየታዘዘ ብርሃኑን ይቆራርጠዋል። አንዱ ቁራጭ የሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ያህል ቢቆይ፣ መስታወቱ ውስጥ 20 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ መርማሪውም 10 ሜትር በ10 ሜትር እየለየ ማዳመጥ ይችላል። ብርሃኑ ሲጓዝ ከመስታወቱ ጥቃቅን ጉድለቶች ጋር እየተጋጨ ጥቂቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከ10 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚመለሰው በሰከንድ አሥር ሺኛ ውስጥ ይደርሳል። መሬቱ በንዝረት ክሩን በጥቂቱ ከሳበው የተመላሹ ሞገድ ይዛነፋል፤ ተቀባዩ ያንን ብርሃን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኮምፒውተሩም የት ቦታ ምን እንደተንቀሳቀሰ ያነባል።

ታዲያ ሁሉም ነገር የሚቆመው በሌዘሩ እርጋታ ላይ ነው። ብርሃኑ ራሱ ከዋለለ፣ መርማሪው የራሱን መንቀጥቀጥ የመሬት አድርጎ ይመሰክራል። የታወከ መርማሪ ምን ዓይነት ቃል እንደሚመዘግብ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

የዚህ ቴክኖሎጂ በጎ ጎን ቀላል አይደለም። የአሜሪካው ካልቴክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በአይስላንድ፣ ግሪንዳቪክ ከተማ አካባቢ ባለ የቴሌኮም ፋይበር ላይ መርማሪ ገጥመው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ከመሬት በታች ሲንቀሳቀስ ተከታትለዋል፤ ከፍንዳታ በፊትም ማስጠንቀቂያ መስጠት ተችሏል። በእኛው አገር እ.ኤ.አ. ከ2024 መገባደጃ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትናወጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀዋል። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ስምጥ ሸለቆውን ያቋርጣል። ጆሮው ተቀብሯል ማለት ነው።

የአይቮሪ ፓርክ ሰውም ነገሩን ያውቀዋል፦ እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 2023 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቦክስበርግ አጠገብ የተነሣው መጠኑ 4.4 የሆነ መንቀጥቀጥ የጋውቴንግን ነዋሪ ከእንቅልፉ ቀስቅሷል።

ነገር ግን የመሬትን ትንፋሽ የሚሰማ ክር መኪናን፣ ቁፋሮንና የሰውን እርምጃም ይሰማል። ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ የኢትዮጵያ መንግሥት የዜጎችን ስልክ እንዴት እንደሚጠልፍ ዘርዝሯል። መንግሥት ተቀየረ ከተባለ በኋላም ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በጁን 2020 መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት በመላ አገሪቱ፣ በኖቬምበር 2020 በትግራይ፣ በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል ተዘግቷል። ማብሪያና ማጥፊያውን የያዘ እጅ ጆሮውንም ቢይዝ ማን ይከለክለዋል?

ጉዳዩ የመንግሥት ብቻም አይደለም። ከአይቮሪ ፓርክ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሚድራንድ ውስጥ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ቮዳኮም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በ850 ሚሊዮን ዶላር የኢትዮጵያን ፈቃድ ካገኘው የሳፋሪኮም ጥምረት አባላት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ አለ። ሆኖም ኮቴ ስምም ስልክ ቁጥርም የለውም። ከየትኛው ደጅ ተነሥቶ የት ስብሰባ እንደገባ ግን ይናገራል።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ የመንቀጥቀጡ መረጃ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተመራማሪዎችና ለሕዝብ ክፍት ይሁን፤ የእርምጃው መረጃ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይቀመጥ። መስታወቱ ወገን የለውም፤ ወገን የሚኖረው ጫፉን የያዘው ሰው ነው። ለስፓዛው ልጅም ቢሆን ግርግሩን የሚሰማ ክር ብቻውን አያድነውም። መስማት አንድ ነገር ነው፤ ሰምቶ መድረስ ሌላ ነው።

ቸር ያሰማን!