ጽጌረዳን ያለ ኬሚካል ማሳደግ

በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ነጭ አበባ የሚያብበው እሾሃማው ቀጋ የጽጌረዳ የቅርብ ዘመድ ነው። እርሱን ማንም ሳይንከባከበው ይኖራል። በግቢያችን የምንተክለው ጽጌረዳ የሰው እጅ ያዳቀለው በመሆኑ ክትትል ይሻል፤ ክትትል ማለት ግን ኬሚካል መርጨት አይደለም።

በለጋ ቀንበጥና በእምቡጥ ላይ ተጣብቆ ጭማቂ የሚመጠውን ክሽክሽ የተባለ ተባይ ለምሳሌ እንመልከት። ጉንዳኖች ከክሽክሽ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወዱ ተባዩን ከጠላቶቹ ይጠብቁታል። ስለዚህ ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ቀንበጡን መርምሩ። ጠዋት በኃይል የተረጨ ንጹህ ውሃ ብዙውን ክሽክሽ ያራግፈዋል። ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሿ ቀይ ጥንዚዛ ደግሞ ክሽክሽ እየለቀመች ትበላለች። እጯ ጥቁርና ረዘም ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይገድለዋል፤ እባካችሁ ተዉት፣ እርሱም ክሽክሽ በል ነው! ኬሚካል ሲረጭ ጥንዚዛዋም አብራ ታልቃለች፤ በፍጥነት የሚራባው ክሽክሽ ግን ቶሎ ያንሰራራል።

በክረምት ቅጠሉን በጥቁር ነጠብጣብ ሸፍኖ ቢጫ የሚያደርገው ሻጋታ ያስቸግራል። ሻጋታው የሚስፋፋው ቅጠል ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። በመሆኑም ውሃ ስታጠጡ ሥሩ ላይ አፍስሱ፤ የታመሙ ቅጠሎችን ልቀሙ፤ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ግን አትጨምሯቸው። ተክሉ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት። ማዳበሪያው በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ይሁን፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።