በሞተር ሆድ ውስጥ የተሸሸገው የፕላስቲክ ቱቦ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ወደ ካዛንችስ የሚወጣውን ዳገት ማለዳ፥ ሠራተኛው ወደየቢሮው ተማሪውም ወደየትምህርት ቤቱ በሚጣደፍበት ሰዓት የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። አውቶሞቢሎቹ በሰልፍ ተያይዘው፥ ሁለት እርምጃ ሄደው አንድ ጊዜ እየቆሙ ይወጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ድንገት ወደ ዳር ይልና ኮፈኑ ይከፈታል፤ ከሥሩም ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ይላል። ባለመኪናው ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ በአቅራቢያው ያለውን የግቢ ዘበኛ፥ «ወንድሜ፥ እባክህ ትንሽ ውሃ ካለህ» ይለዋል። ዘበኛውም አያሳፍረውም፤ በጀሪካን ይዞለት ይመጣል። አላፊ አግዳሚው ደግሞ ፍርዱን ለመስጠት አይዘገይም፤ «ውሃ ጨርሶ ነው» ብሎ ያልፋል።

ይህ ፍርድ ውሸት ባይሆንም ጎደሎ ነው። የሞተር ውሃ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ መንገድ ከሞተር ወደ ራዲያተር፥ ከራዲያተር ወደ ሞተር ሲዞር የሚኖር ነው። አለቀ ከተባለ በአንድ በኩል ወጥቷል ማለት ነው። የሚወጣበት በር ብዙ ነው፤ እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው። እርሱም ሱፐርቻርጀር በተገጠመላቸው ሞተሮች ላይ፥ ዐይን በማያየው ቦታ ስለ ተቀመጠው የፕላስቲክ ቱቦ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሠፈሩ አንዲት ቃል እንበል። ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፥ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የመካኒኮቻችንም ቋንቋ የመጣው በዚያው መንገድ ነው። ኮፈን፥ ቴስታታ፥ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን እያልን የምንጠራቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ከአሮጌዎቹ የካዛንችስ ቤቶች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ ቃላቱ ግን በየጋራዡ አሉ። ሱፐርቻርጀር የሚለው ቃል ከእነዚህ ጋር አልመጣም፤ እንግሊዝኛ ነው፤ መሣሪያውም በጋራዦቻችን ዘንድ እንግዳ ነው።

ለመሆኑ ሱፐርቻርጀር ምን ይሠራል? ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲመዛዘን በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያለ ረዳት የሚተነፍስ ሞተር ከጅቡቲ ወደ እኛ ሲወጣ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል በመንገድ ጥሎ ይመጣል። ሱፐርቻርጀር ማለት በሞተሩ ጉልበት በቺንጋ እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ከአውቶሞቢል ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1860 ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ባለቤትነቱን ያስመዘገቡት መንፊያ ብረት ለሚያቀልጡ ምድጃዎች አየር ይነፋ ነበር። እርስ በርሳቸው እየተያያዙ የሚዞሩት ሁለቱ ክንፋም ዘንጎች ናቸው ዛሬም በእነዚህ ሞተሮች አናት ላይ የሚገኙት። ለደጋ ሰው የተፈጠረ መሣሪያ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ስለ እነዚህ ሞተሮች ስንናገር በተለይ የምናስበው በሬንጅ ሮቨር፥ በዲስከቨሪና በጃጓር አውቶሞቢሎች ላይ የተገጠሙትን ሁለቱን ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር 5.0 ሊትር፥ ሁለተኛው ከእርሱ ተቀንሶ በ2012 የተሠራው ባለ ስድስት ሲሊንደር 3.0 ሊትር ነው። ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ዘመም ብለው ቆመዋል፤ በሁለቱ ረድፎች መካከል ሸለቆ አለ፤ ሱፐርቻርጀሩ ሸለቆውን ከላይ እንደ ክዳን ሸፍኖታል። ከክዳኑ ሥር፥ በፊትና በኋላ በኩል፥ ሙቅ ውሃ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ቱቦዎች ተጋድመዋል። እነዚህ ቱቦዎች ናቸው ከፕላስቲክ የተሠሩት።

«እንዲህ ባለ ውድ መኪና ላይ ፕላስቲክ!» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ፕላስቲኩ የወንፊትና የባልዲ ፕላስቲክ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ዋላስ ካሮዘርስ የሠራው የናይሎን ዘር ሲሆን በውስጡ የመስተዋት ጭረት ተቀላቅሎበታል። ይቀላል፥ ይረክሳል፥ በብረት ሊሠራ የሚያስቸግረውን ጠማማ ቅርጽ በአንድ ጊዜ ያወጣል። መሐንዲሶቹ የመረጡት በአላዋቂነት አይደለም። ችግሩ ዕድሜው ላይ ነው። ቱቦው የሚሠራው ሁለት ግማሾች ለየብቻ ተቀርጸው በኋላ በስፌቱ ላይ እርስ በርሳቸው እንዲበየዱ ተደርጎ ነው። ማለዳ ቀዝቃዛ፥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚፋጅ፤ ማታ እንደገና ቀዝቃዛ። ውሃውና ኬሚካሉ ናይሎኑን ከውስጥ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ከላይ የሱፐርቻርጀሩ ግለት ይጠብሰዋል። ዓመታት ሲያልፉ እንደ ደረቀ ቅል ይሆንና በስፌቱ ይሰነጠቃል።

የሚያስከፋው ነገር ስንጥቁ ለብዙ ጊዜ ራሱን አለማሳወቁ ነው። ከራዲያተር የሚፈስ ውሃ መሬት ላይ ይታያል። ከዚህ ቱቦ የሚያፈስ ግን ሸለቆው ውስጥ ይጠራቀምና በሞተሩ ግለት ተኖ ይጠፋል፤ ከመኪናው ሥር ያለው አስፋልት ደረቅ ነው። የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፤ በማጠራቀሚያው ዕቃ ያለው ውሃ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሲጎድል፥ መኪናው ከቆመ በኋላ ስኳር የተቃጠለ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ሲሸት፥ በሞተሩ ጥግና ጥግ የደረቀ ቅርፊት የመሰለ ምልክት ሲገኝ። ብዙ ባለመኪና የጎደለውን ውሃ እየሞላ «ትንሽ ውሃ ትጠጣለች» እያለ፥ እንደ ጠባይ ቆጥሮት ይኖራል።

አሁን የአዲስ አበባን ከፍታ እንደገና እናምጣው። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በእኛ ከተማ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። በደጋ አገር ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው ስለዚህ ነው፤ እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር የሚያውቁት ነገር ነው። የዘመኑ ሞተር ደግሞ በሥራ ላይ ሳለ ውሃው 90 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል። ታዲያ ለምን አይፈላም? የታመቀ ስለ ሆነ ነው። የማጠራቀሚያው ክዳን እንደ ግፊት ድስት ክዳን ነው፤ ከውጭው አየር በላይ አንድ ባር ያህል ግፊት ሲይዝ፥ ንጹሕ ውሃ እንኳ በአዲስ አበባ እስከ 116 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ኬሚካል ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል።

እንግዲህ ቱቦው በዳገቱ መካከል ሲሰነጠቅ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ግፊቱ ነው። ግፊቱ በወጣባት ደቂቃ በሞተሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ሁሉ አስቀድሞ ከመፍያው ደርሶ ስለ ነበር በአንድ ጊዜ ይፈላል። እንፋሎት ሙቀትን እንደ ውሃ አይሸከምም። በባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ ሾፌር በስምንት ዲግሪ ይቀድመናል፤ እርሱ ወደ ዳር ለመውጣት ጥቂት ጊዜ ይኖረው ይሆናል፥ የእኛው ግን የለውም። ለቀጭን አየር መድኃኒት ሆኖ የመጣው መሣሪያ፥ ቀጭኑ አየር የሚበረታበትን ቱቦ ሆዱ ሥር ደብቆ ይዟል።

ሞተሩና ቴስታታዎቹ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ባገኘው ጊዜ ቴስታታው ይጣመማል፥ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። የሙቀት መለኪያውም ሊያታልል ይችላል፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዲለካ የተሠራው መሣሪያ ውሃው ከሸሸው በኋላ ትክክለኛውን አይናገርም። «ትንሽ ነው የቀረኝ፥ ቢሮ ደርሼ አቆመዋለሁ» ያለ ሰው በዚያች ትንሽ መንገድ ሞተር ይገድላል። እንፋሎት ከታየ ወይም የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ሞተሩን በቆሙበት ማጥፋት ነው። ክዳኑን ወዲያው መክፈት ደግሞ ፊትን የሚያቃጥል አደጋ ነው። የዘበኛው ጀሪካንም፥ ምንም እንኳ ከደግነት የመጣ ቢሆን፥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ በጋለ አሉሚኒየም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የተረፈውን መሰንጠቅ ነው።

ይህን ሁሉ ዘርዝረን የምንጽፈው ነገሩ የጥቂት ባለጠጎች ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲቆጠር እጅግ ተወደደ። ሁለቱ ሞተሮች ይሠሩበት የነበረው የዌልስ የብሪጅንድ ፋብሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘግቷል። ስለዚህ በእጃችን ያለው ሞተር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊጠበቅ የሚገባው ሆኗል። አንድ መሥሪያ ቤት መኪናውን ያስረከበው ወጣት ሹም፥ የአንዲት ቱቦን ዋጋ ለማዳን ብሎ የሞተርን ዋጋ በንብረት ክፍሉ መዝገብ ላይ ሊያጽፍ ይችላል። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛም ሰው ከቱቦ ነገር ነፃ ወጣሁ አይበል፤ ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በሚዞር ፈሳሽ ነው።

ታዲያ ቱቦው እንዴት ይለወጣል? ሥራው የሚያስቸግረው ቱቦው ከባድ ስለ ሆነ ሳይሆን መንገዱ ረዥም ስለ ሆነ ነው። የኋለኛውን ቱቦ ለማግኘት ሱፐርቻርጀሩን ማውረድ ግድ ነው። ሞተሩ አድሮ ይቀዘቅዛል፤ ባትሪው ይፈታል፤ ውሃው በንጹሕ ዕቃ ይወርዳል፤ የአየር መንገዱ፥ ቺንጋውና የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ በየተራ ይፈታሉ። አስተዋይ መካኒክ ከመፍታቱ በፊት በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ብሎኖቹንም እንደ አወጣጣቸው በካርቶን ላይ ወግቶ ያስቀምጣል። ሱፐርቻርጀሩን ሁለት ሰው ያነሣዋል። ወዲያው አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ መደፈን አለባቸው፤ አንዲት ብሎን እዚያ ከገባች የቱቦው ጉዳይ የተረሳ ጨዋታ ይሆናል።

አሮጌው ቱቦ ሲነካ ብዙ ጊዜ በእጅ ላይ ይፈረካከሳል። አፉ በቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ሲቀርም ይታያል። እዚህ ላይ ነው የመካኒኩ ትዕግሥት የሚፈተነው፤ ስብርባሪው አንድ በአንድ ተለቅሞ፥ ከአሮጌው ቱቦ ጋር ተገጣጥሞ የጎደለ እንደሌለ መታየት አለበት። ወደ ውሃው መተላለፊያ የገባ ስባሪ ሌላ ቦታ ሄዶ ይወተፋል። ከዚያ መቀመጫው ሳይቧጨር ይጠረጋል፤ አዲሱ ቱቦ ከአዲስ የጎማ ቀለበት ጋር ይገባል፤ ብሎኖቹም ፋብሪካው ባዘዘው ልክ፥ የመጥበቂያ ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃሉ። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚለው የጋራዥ ኩራት በአሉሚኒየም ጥርስ ላይ አይሠራም።

በዚህ ጊዜ መካኒኩ፥ «ጋሼ፥ የፊተኛው ገና ደህና ነው፥ ይቆይልዎት?» ቢል መልሱ «አይቆይም» መሆን አለበት። ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ዘመን፥ የተጠበሱትም በአንድ እሳት ነው። በተሰነጠቀው ላይ ማጣበቂያ መለጠፍ ደግሞ፥ ለዚህ ሁሉ ድካም ከበቁ በኋላ፥ ለምን እንደሚታሰብ አይገባንም።

በፕላስቲክ ምትክ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ቱቦዎች በገበያ ይገኛሉ፤ እኛ ብንጠየቅ እነርሱን እንመርጣለን፤ የሚበየድ የፕላስቲክ ስፌት የላቸውም፥ ሙቀትም አያደርቃቸውም። ነገር ግን አሉሚኒየም ሁሉ አንድ አይደለም። የቱቦው አፍ በደንብ ያልተላገ፥ የቀለበቱ ጎድጓዳ ያልተስተካከለ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያፈሳል። ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ፤ ጎን ለጎን አድርጎ፥ አፉን በጣቱ ዳስሶ ይግዛ። ጥሩ አሉሚኒየም ካላገኘ ከመጥፎው ይልቅ አዲስ የፋብሪካው ፕላስቲክ ይሻላል።

ስለ ውሃውም አንድ ቃል ይቅር አይባልም። «አገራችን በረዶ የለም፥ አንቲፍሪዝ ለምን ያስፈልጋል?» የሚለው ክርክር በየጋራዡ ይሰማል። ኬሚካሉ ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከዝገትና ከመፍላትም ይጠብቃል፤ የቧንቧ ውሃ ደግሞ በውስጡ ያለውን ማዕድን በአሉሚኒየሙ ላይ ደለል አድርጎ ይተዋል። ፋብሪካው የሚያዝዘው ዐይነት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል መቀላቀል ነው።

ሱፐርቻርጀሩ በአዲስ ጓርኒሲዮን ተመልሶ ከታሰረና ውሃው አየሩ እየወጣ ከተሞላ በኋላ፥ ሞተሩ ሳይነሣ በእጅ ፓምፕ ግፊት ይሰጠዋል። የፓምፑ መርፌ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይወርድ ከቆመ ሞተሩ ይነሣል፤ እስኪሞቅ ይጠበቃል፥ ማሞቂያውም ተከፍቶ ሙቅ አየር መስጠቱ ይታያል። በማግሥቱ ማለዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ውሃው እንደገና ይለካል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢገኝ የቀረ አየር ወጥቶ ነውና ይሞላል፤ በሦስተኛውም ቀን ዝቅ ካለ ግን የካዛንችስን ዳገት ሳይሞክሩ ወደ ጋራዡ መመለስ ነው።