አድልዎ ያልገታቸው የአቶም ፊዚክስ ፈር ቀዳጅ

ዶክተር ሊዘ ማይትነር የአቶም ኒውክሊየስ እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል በፊዚክስ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ካብራሩት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዷ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው አንድ መንግሥት በምሁራን ላይ በር ሲዘጋ የሚያጣውን ጭምር ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1878 በኦስትሪያ ቪየና ሲወለዱ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን አይቀበሉም ነበር። ክልከላው ከተነሣ በኋላ በግል ተዘጋጅተው የመግቢያ ፈተናውን በማለፍ በ1901 ቪየና ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1906 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1907 ወደ በርሊን አምርተው ከኬሚስቱ ኦቶ ሃን ጋር ምርምር ሲጀምሩም ተቋሙ ሴቶችን ስለማያስገባ ቀድሞ የአናጺ መሥሪያ በነበረ ምድር ቤት፣ ያለ ደመወዝ ለመሥራት ተገደዋል። ይሁንና በ1926 በጀርመን የመጀመሪያዋ ሴት የፊዚክስ ፕሮፌሰር ለመሆን በቅተዋል።

በ1933 የናዚ መንግሥት አይሁዳዊ የዘር ሐረግ ያላቸውን ከመንግሥት ሥራ የሚያሰናብት ሕግ ሲያወጣ የማስተማር ፈቃዳቸው ተነጠቀ። በ1938 ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል ደግሞ የኦስትሪያ ዜግነታቸው ከለላ መሆኑ አበቃ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በኔዘርላንድስ በኩል አምልጠው ወደ ስዊድን ተሰደዱ።

በታኅሣሥ ወር ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ስትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመቱ ባሪየም የተባለ ቀላል ንጥረ ነገር በማግኘታቸው ግራ ተጋቡ። ሃን ጉዳዩን በደብዳቤ ያማከሩት ስደተኛዋን ባልደረባቸውን ነበር። ማይትነርም ከእህታቸው ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር ሆነው ምላሹን አገኙ። ትልቁ ኒውክሊየስ እንደ ውኃ ጠብታ በመሆኑ ኒውትሮን ሲያርፍበት ይለጠጣል፣ ወገቡ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ጊዜ የሚጎድለው ጥቂት ቁስ በአንስታይን ቀመር መሠረት ወደ ኃይል ይለወጣል፤ መጠኑም 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ማብራሪያው በየካቲት 1939 በኔቸር መጽሔት ታትሟል።

ግኝቱ ለኑክሌር የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም ለአቶም ቦምብም መነሻ ሆኗል። ማይትነር ግን በቦምቡ ሥራ እንዲሳተፉ ሲጋበዙ አልተቀበሉም። የ1944 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሃን ብቻ ሲሰጥ የእርሳቸው ድርሻ ታልፏል። በ1966 የኤንሪኮ ፌርሚ ሽልማትን ከሃንና ከስትራስማን ጋር የተጋሩት ማይትነር በ1968 በ89 ዓመታቸው በእንግሊዝ ካምብሪጅ አርፈዋል። በ1997 ደግሞ 109ኛው ንጥረ ነገር በስማቸው ማይትኔሪየም ተብሎ ተሰይሟል።